አሎይ ቸርኬን ቤት በስፕሬይ መቀባት፦ ለጎንደር አየር የሚሆነው አሠራር

ባለ14 ኢንች (ክሩን የከፈተ)

ቸርኬ ተቀብቶ በሁለት ወሩ እንደ ድንች ልጣጭ ለምን ይነሳል የሚል ጥያቄ ስለበዛ አሠራሩን አንድ ቦታ ላስቀምጠው። የተሳሳተ ካለ አርሙኝ፣ የጎደለ ካለ ጨምሩ።

የማወራው ስለ አሎይ ነው፤ አልሙኒየም ከሲሊከንና ከጥቂት ማግኒዥየም ጋር ተቀላቅሎ የተሠራው። ብረት ቸርኬ ጣጣው ሌላ ነው። መጠኑን በ14 ኢንች፣ በቪትዝ ልክ ነው የምጽፈው፤ 16 ኢንች ላይ የቀለሙን ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ከፍ አድርጉት።

ብርጭቆ ወረቀት ከመግዛታችሁ በፊት ቸርኬው የሚቀባ መሆን አለመሆኑን እዩ። ስንጥቅ ካለው በቃ፣ ይጣላል፤ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም ማልበስ አደጋን መደበቅ ነው። ጠርዙ የታጠፈ ካለ መጀመሪያ ይቃናል። ፊቱ በቶርኖ ተልጦ እንደ ሲዲ ቀጫጭን ክብ መስመር የሚታይበት ከሆነ ያንን መልክ በስፕሬይ መመለስ አይቻልም፤ አንድ ወጥ ቀለም መሆኑን ተቀብላችሁ ጀምሩ። ክሮም የተነከረውን ደግሞ ተዉት። ክሮም ላይ ቀለም አይዝም፣ ክሮሙን ማስነሳትም የግቢ ሥራ አይደለም።

ለአራት ቸርኬ፣ የፊቱን ገጽ ብቻ፦ ብርጭቆ ወረቀት 120፣ 240 እና 600 ከየዓይነቱ 3 ሉህ፣ 400 ግን 5 ሉህ (የሚያልቀው እሱ ነው)። አረንጓዴው ሸካራ ዕቃ ማጠቢያ 4 ፍሬ። ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ መሠረት)፦ ለአልሙኒየም የሚሆን አሲድ ያለበት ኤች ፕራይመር 1 ጣሳ፣ ሞይ ፕራይመር (ጭረት የሚሞላው) 2፤ ቀለም 3፣ ክሊር (በቀለሙ ላይ የሚረጨው መልክ የሌለው ሽፋን) 2፣ ሁሉም ባለ 400 ሚሊ ሊትር። የመኪና ስቱኮ ከነማድረቂያው ትንሿ ቆርቆሮ። የወረቀት ፕላስተር 2 ጥቅል። ንጹሕ አልኮል 1 ሊትር፣ ብናኝ የማይተው ነጭ ጨርቅ።

"ለአራት ቸርኬ ሦስት ጣሳ ቀለም ለምን?" ለሚል፦ የአንዱ ፊት ወደ 0.11 ካሬ ሜትር ነው፤ የዘንጎቹን ጎንና ጥልቀቱን ስትጨምሩ እጥፍ ይሆናል። ከሚረጨው ቀለም ደግሞ ግማሽ የሚሆነው በዘንጎቹ መሃል አልፎ አየር ላይ ይቀራል። ቀለም በሦስተኛው ቸርኬ ላይ ሲያልቅና ሌላ ጣሳ ሲገዛ መልኩ ላይገጥም ይችላል፤ ስለዚህ ከጅምሩ ከአንድ ካርቶን፣ የጀርባ ቁጥራቸው አንድ የሆነ ግዙ።

---

አዘዞ ጎማ ቤት

ቸርኬው መኪናው ላይ እያለ መቀባት የለም። ቀለሙ ዲስኩና የፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል፤ በዘንጎቹ ጎን በኩልም እጅ አይገባም።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ጎንደር ሜዳ ግቢ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ አትጀምሩ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ከሚነሳው ጎማ በተቃራኒ ያሉት ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ይደረግባቸው። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ሩብ ዙር አላሉ፣ ከዚያ በክሪክ አንሱ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ አያድርም፤ ከሻሲው ሥር ወፍራም ግንድ ወይም የብረት መደገፊያ ይግባ። ብሎኬት አታድርጉ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።

ጎማውን ከቸርኬው ማውጣት ከሁሉ ይሻላል። ካልሆነ የቫልቩን መርፌ አውጥታችሁ አየሩን ጨርሱና የጎማውን ከንፈር ጎማ ቤት በማሽን አስለቅቁት፤ በመዶሻና በፌሮ ከታገላችሁ የምትቀቡትን ጠርዝ ትቧጭራላችሁ። ከንፈሩ ከለቀቀ በኋላ በጎማውና በቸርኬው መሃል የመጫወቻ ካርታ ወይም ከአሮጌ ደብተር ሽፋን የተቆረጠ ቁራጭ ዙሪያውን ደርድሩ። ለአንድ ቸርኬ 35 ያህል ይበቃል፤ እያንዳንዱ በቀጣዩ ላይ ትንሽ ይደረብ። ከፕላስተር በጣም ይሻላል፤ ምክንያቱም ቀለሙ ከጎማው ከንፈር ጀርባ ትንሽ ይገባና ጠርዙ ላይ መስመር አይታይም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይረሳል። ጎማውን ከማውጣታችሁ በፊት ከቫልቩ ትይዩ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ሲመለስ እዚያው እንዲገባ። የባላንስ እርሳሶቹ ውስጠኛው ገጽ ላይ የተለጠፉ ከሆኑ አትንኳቸው። ጠርዝ ላይ የተቆነጠጡ ከሆኑ ግን መነሳት አለባቸው፤ በኋላ ባላንስ ይሠራል፣ ማምለጫ የለውም።

---

ኬሚስቷ

ቀለም የሚነሳው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ስለዚህ አጠባቡ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አልሙኒየም እንደ ብረት ዝገቱ አይቀላም፤ ነጭ ዱቄት ይሆናል ወይም በክሊሩ ሥር ቀጭን ትል የሄደበት የሚመስል መስመር ያወጣል። ጠጠር ክሊሩን ሲወጋው እርጥበት በቀዳዳው ይገባና ከብረቱና ከቀለሙ መሃል እየበላ ይጓዛል። በዓይን ከሚታየው መስመር ጫፍ በኋላም ሳይታይ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ይቀጥላል። ስለዚህ መስመሩን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር እስከ ንጹሕ ብረት ማውረድ ግድ ነው። ነጩን ዱቄት ትቶ ፕራይመር መርጨት አቧራ ላይ መቀባት ማለት ነው።

ለማጠቢያ፦ በረኪና አይሆንም፣ አልሙኒየምን ይበሳሳል። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ይባስ፤ አልሙኒየምን እየበላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በለብ ያለ ውሃ ይበቃል። የፍሬን ብናኝ የጋገረበትን ውስጠኛ ገጽ በአረንጓዴው ሸካራ እሹት። የብረት ሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ፤ የብረት ቅንጣት አልሙኒየሙ ውስጥ ይቀበርና በኋላ በቀለሙ ሥር ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

ከታጠበ በኋላ በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ወልውሎ "ቅባቱ ጠፋ" ማለት ተለምዷል። ሁለቱም ራሳቸው ቅባት ናቸው፤ ሲደርቁ ስስ ዘይት ይተዋሉ። ቤንዚንም እንዲሁ ተጨማሪ ነገር ስላለበት ንጹሕ አይደለም፣ ከዚያም በላይ እሳት ነው። አልኮል ወይም የቀለም ሱቅ የሚሸጠው ቅባት ማስለቀቂያ ይሁን። በሁለት ጨርቅ ነው የሚሠራው፦ አንዱ እርጥብ እየቀባ፣ ሁለተኛው ደረቅ ወዲያው ሳይደርቅ እየጠረገ። በአንድ ጨርቅ ከሆነ ቅባቱ ከቦታ ቦታ ይዞራል እንጂ አይወጣም።

መኪናው የሚታጠብበት ቤት "ጎማ ማሳመሪያ" የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ሲሊኮን አለ ብላችሁ ገምቱ። ሲሊኮን ያለበት ላይ ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ከማሸት በፊት ሦስት ጊዜ አጽዱ፤ ቀድማችሁ ካሻችሁ ሲሊኮኑን በብርጭቆ ወረቀቱ ወደ ጭረቶቹ ታስገቡታላችሁ።

---

የማራኪ ልጅ

> እስከ ንጹሕ ብረት ማውረድ ግድ ነው

ሙሉውን ነው ወይስ የተበላሸውን ብቻ? አሮጌው ቀለም ደህና ይዞ ከሆነ መላጥ ጉልበት ማባከን አይሆንም?

---

ላሜራና ቀለም

የተበላሸውን ብቻ። የፋብሪካው ቀለም በሙቀት የበሰለ ስለሆነ እኛ ከምንረጨው ማንኛውም ፕራይመር የተሻለ መሠረት ነው። ደህናውን በ400 አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ማሸት ይበቃል፤ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ እዩት፣ አሁንም የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ አልታሸም። የተላጠውን ጠርዝ በ120 ጀምራችሁ በ240 አለስልሱት፤ ጥፍር ሲሄድበት ደረጃው ሊያደናቅፈው አይገባም።

ከአስፋልት ጠርዝና ከኮብልስቶን የሚመጣው የጠርዝ ጭረት ጥልቀቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ በ120 ማለስለስ ይሻላል፣ ከዚያ ካለፈ ስቱኮ። ስቱኮው ከ2 ሚሊ ሜትር አይወፍር። ማድረቂያው ከስቱኮው 2 ከመቶ ነው፤ የጎልፍ ኳስ ለምታክል ስቱኮ የአተር ፍሬ የምታክል። ቀያይ መስመር እስኪጠፋ አዋህዱ። ጎማው የሚቀመጥበት ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ስቱኮ በፍጹም አይገባም፤ አየር ያስመልጣል።

@ባለ14 ኢንች ቅደም ተከተሉን አልጻፍከውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚያ ነው። ስቱኮ በታሸ ባዶ ብረት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ኤች ፕራይመር ላይ አይደለም። የኤች ፕራይመሩ አሲድ የስቱኮውን ማድረቂያ ያበላሽና ከሥሩ እንደ ማስቲካ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ከላይ ደርቆ ስለሚታይ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ፦ ማሸት፣ ስቱኮ፣ ስቱኮውን በ240 ማስተካከል፣ ከዚያ ኤች ፕራይመር በባዶው ብረት ላይ ብቻ (ስቱኮውን ራሱን ጠርዙን ብቻ ይንካው)፣ ከዚያ ሞይ ፕራይመር በሁሉም ላይ።

---

ባለ14 ኢንች

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። የኤች ፕራይመሩንም መጠን ልጨምር፦ ስስ ሆኖ ብረቱ ከሥሩ እየታየ አንድ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት። ወፍራም ሲሆን የማያያዝ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በውሃም አይታሽም። ብረቱ ታሽቶ ካለቀ በኋላ በዚያው ቀን፣ ቢቻል በሰዓታት ውስጥ ይረጭ፤ አልሙኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ኦክሳይድ መልበስ ይጀምራል። ዛሬ አሽታችሁ ለነገ አታሳድሩ። ካደረ እንደገና በ400 ቀለል አድርጎ ማሸትና በአልኮል መጥረግ ነው።

---

ቀዩ ጣሳ

ወደ አየሩ እንምጣ፤ ጣሳው ላይ ያለው መመሪያ ለዚህ ከተማ አልተጻፈም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ 78 ከመቶ ነው። ቲነር ግፊቱ ዝቅ ባለ አየር ቶሎ ይተናል። ውጤቱ በበጋ ቀትር ላይ ይታያል፦ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተረጨ ቀለም ቸርኬው ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ግማሽ ደርቆ እንደ አሸዋ ይቀመጣል፣ እጅ ሲሄድበት ይሻክራል። መፍትሔው ቀረብ ማለት ነው። ጣሳው 25 እስከ 30 ካለ 20 እስከ 22 ላይ ሥሩ፣ እጃችሁን ግን ፈጠን አድርጉ፣ አለበለዚያ ይወርዳል። በአንድ ሰከንድ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይሂድ።

ሰዓቱ፦ በበጋ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት። ከዚያ በፊት ብረቱ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዟል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቸርኬው ሲዳሰስ የሚበርድ ከሆነ ጥላ ሥር ይቆይ እንጂ አይረጭ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ደግሞ ከአቧራ ጋር። ክሊሩ በየትኛውም ወር ከ8 ሰዓት በፊት ያልቅ፤ ማታ ጤዛ ሲወርድ ያልደረቀ ክሊር ይደበዝዛል።

ሐምሌና ነሐሴ? ተዉት። በዝናብ እረፍት መሃል ፀሐይ ብትወጣም አየሩ በእርጥበት የተሞላ ነው። ቲነር ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ በቀዘቀዘው ላይ የአየሩ ውሃ ይጠነፍፍና ቀለሙ ወተት የተደፋበት ይመስላል። ይህ ሲሆን በላዩ ላይ ሌላ ቀለም አትደርቡ፣ እርጥበቱን ትቆልፉበታላችሁ። ሞቅ ያለ ደረቅ ቦታ አስገብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠራል። ካልጠራ በ600 አሽቶ እንደገና።

አቧራን ለመከላከል ግቢውን በውሃ ማርጠብ ይባላል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ያንን ማን ያደርጋል? የታጠባችሁበትን ውሃ አስቀምጡ፤ ጆንያ ነክራችሁ ከቸርኬው ሥርና ዙሪያ አንጥፉ። አምስት ሊትር ይበቃል፣ ሥራውም ከረጠበ መሬት አይተናነስም፣ ጭቃ ስለማይረጭ እንዲያውም ይሻላል።

---

የማራኪ ልጅ

ጣሳው እየረጨ ሲሄድ ጉልበቱ ይቀንስና ትልልቅ ነጠብጣብ ይተፋል። ማሞቅ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እንዴት ነው?

---

ቀዩ ጣሳ

ውስጡ ያለው ጋዝ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት ሲቀየር ሙቀት ስለሚወስድ ጣሳው እጅ ላይ ይበርዳል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ለብ ባለ ውሃ፣ ሕፃን በሚታጠብበት ልክ፣ 10 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ በላይ የሚሞቅ ውሃ አይሆንም፤ ጣሳው የሚፈነዳው ከ50 ዲግሪ በላይ ነው ተብሎ የሚጻፈው ለማስፈራራት አይደለም። ምድጃ ላይ፣ ከሰል አጠገብ፣ የፀሐይ ቆርቆሮ ላይ አይቀመጥም። ሁለት ጣሳ እያፈራረቁ መሥራት ደግሞ ማሞቁንም ያስቀራል።

መንቀጥቀጡ ደግሞ ኳሷ መንኳኳት ከጀመረችበት ሁለት ደቂቃ ነው፣ ሁለት ደቂቃ በሰዓት። ሜታሊክ ብር ቀለም ላይ በየ30 ሰከንዱ እንደገና፤ የአልሙኒየሙ ቅንጣት ከባድ ስለሆነ ወዲያው ይዘቅጣል። ስትጨርሱ ጣሳውን ገልብጣችሁ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ተጫኑት፤ አፉ አይደፈንም።

---

ላሜራና ቀለም

አረጫጩን ልጨርሰው። ቸርኬውን በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ወይም ባልዲ ላይ አስቀምጡት፣ እንደ ምጣድ ማዞር እንዲቻል። መጀመሪያ የዘንጎቹን ጎንና የዳዶ ጉድጓዶቹን ዙሪያ ከጎን ዝቅ ብላችሁ ከአራት አቅጣጫ ርጩ፣ ፊቱን መጨረሻ። ፊቱን ካስቀደማችሁ ጎኑን ስትረጩ የሚበተነው ደረቅ ብናኝ ፊቱ ላይ ያርፋል፣ ሻካራ ይሆናል። መጫን የምትጀምሩት ከቸርኬው ውጭ፣ የምትለቁትም ከቸርኬው ውጭ ነው፤ በላዩ ላይ መጀመርና ማቆም የቀለም መውረድን ያመጣል። እያንዳንዱ መስመር ከቀደመው ግማሹን ይሸፍን።

ሞይ ፕራይመር 2 ዙር፣ በመሃል 10 ደቂቃ። ሲደርቅ በ600 በውሃ አሽታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁ፤ በዳዶ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረች አንዲት ጠብታ ውሃ ቀለም ስትረጩ ትወጣለች። ቀለም፦ የመጀመሪያው ዙር ጭጋግ ብቻ፣ ፕራይመሩ ይታይ፣ አትደንግጡ። ከዚያ 2 ወይም 3 መካከለኛ ዙር፣ በየመሃሉ 10 እስከ 15 ደቂቃ። ሜታሊክ ከሆነ የመጨረሻው ዙር ትንሽ ራቅ ብሎ ስስ ይሁን፣ ቅንጣቱ እኩል እንዲበተን። ሜታሊክ ላይ ከክሊር በፊት ብርጭቆ ወረቀት አይነካም፣ ጭረቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

---

ባለ ኮሮላ

አስቸኳይ ምክር። ቀለሙ ከተረጨ ሦስት ሰዓት አለፈው፣ አንድ ዙር ስጨምርበት እንደ ቆዳ ተጨማደደ። ጣሳዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው።

---

ኬሚስቷ

ወንድም፣ ጣሳው ላይ ዳግም የሚረጭበትን ሰዓት አንብበው። ብዙ ኢናሜል ጣሳ "በ1 ሰዓት ውስጥ፣ አለበለዚያ ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በኋላ" ይላል። በመሃል ያለው ጊዜ አደገኛ ነው፤ ላይኛው ገጽ ቆዳ ይዟል፣ ሥሩ ግን ገና ለስላሳ ነው። አዲሱ ቲነር ቆዳውን ሰርጎ ያሳብጠዋል፣ የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው ይታጠፋል።

አሁን ምንም አትጨምርበት፣ በቲነርም አትጥረገው። ሁለት ሙሉ ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ የተጨማደደውን በ240 እስኪተካከል አውርድ፣ በ400 አለስልስ፣ አንድ ስስ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም። ሌላም ምክንያት ሊኖር ስለሚችል አረጋግጥ፦ ከሥሩ ያለው አሮጌ ቀለም በብሩሽ የተቀባ ኢናሜል ከሆነ የትኛውም ኃይለኛ ቲነር ያለው ጣሳ ያነሳዋል። ጨርቅ በቲነር ነክረህ በማይታይ ቦታ ግማሽ ደቂቃ ያዝበት፤ ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከመጣ ያ መሠረት መነሳት አለበት።

---

ናፍጣ

አሮጌ ቀለም ለማንሳት ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን በጋዝ እሳት ለብለብ አድርጎ መፋቅ አምስት ደቂቃ ነው።

---

አዘዞ ጎማ ቤት

አይደረግም። አሎይ ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ ሞቆ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ወደ 150 እና 180 ዲግሪ መካከል ለሰዓታት ቆይቶ ነው። የጋዝ እሳት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከዚያ በእጥፍ ያልፋል፤ አልሙኒየም ደግሞ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ መልኩ ሳይለወጥ ይለሰልሳል። በኋላ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ ይታጠፋል፤ ተጠያቂው ጉድጓዱ ይሆናል። የቀለም ማስለቀቂያ ጄል ካገኛችሁ ያንን ተጠቀሙ፣ ጓንት አድርጋችሁ። ጎማው ላይ አይፍሰስ።

---

ናፍጣ

እሺ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ክሊሩስ? ባለ ማድረቂያው ጣሳ ይሻላል ይላሉ።

---

ላሜራና ቀለም

ይሻላል፣ በጥንካሬ ውድድር የለውም። ተራው ክሊር ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፣ የፍሬን ዘይት ሲነካው ይነሳል። ባለ ማድረቂያው ግን ሁለቱንም ይችላል። ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኗት ማድረቂያው ውስጥ ይለቀቅና ከዚያ በኋላ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም፣ ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ አራቱም ቸርኬ ተዘጋጅቶ ሳያልቅ አትጫኗት።

---

ኬሚስቷ

እኔ ለግቢ ሥራ አልመክረውም። በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን የሚያስቆጣና አስም የሚያስይዝ ነው፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። የጨርቅ ማስክና የሐኪም ቤት ማስክ ብናኝ እንጂ ጭስ አይዙም። ለተራው ክሊር እንኳ ባለ ከሰል ማጣሪያ ማስክ ያስፈልጋል። ለባለ ማድረቂያው ደግሞ ጎረቤት ግቢ ሕፃናት በሚጫወቱበት፣ ልብስ በተሰጣበት ቦታ ቦታው አይደለም። ማን ይቆጣጠረዋል ጢሱን? ያ ሥራ ለቀለም ቤት ይተው።

ስለ እሳትም ልጨምር። የጣሳው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፣ ማለትም የማብሰያ ጋዝ ዘመድ፣ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። በዚያው ግቢ በረንዳ ላይ ከሰል ተያይዞ ቡና እየፈላ፣ ወይም ዕጣን እየጨሰ መርጨት አይሆንም። ቡናው ይጠጣ፣ ከሰሉ ይጥፋ፣ ከዚያ ይረጭ።

---

ላሜራና ቀለም

ማስክ ላይ እስማማለሁ። ተራውን ክሊር ለሚጠቀም፦ ከመጨረሻው ቀለም በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ፣ መጀመሪያ ስስ፣ ከዚያ ሁለት እርጥብ የሚመስል ዙር፣ በመሃል 15 ደቂቃ። የመጨረሻው ዙር ላይ ስግብግብነት ይመጣል፣ "ትንሽ ያብረቅርቅ" ይባላል፤ ያኔ ነው የሚወርደው። የወረደውን እርጥብ ሳለ በጣት መንካት ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል። ተዉት፣ ሳምንት ቆይታችሁ በ1000 በውሃ አሽታችሁ በማጽጃ ክሬም አምጡት።

---

ደባርቅ መስመር

የመግጠሙን ነገር ማንም አላነሳም። ያልተቀባ መቅረት ያለበትን ቦታ ሳታውቁ አትርጩ፦ ከመኪናው ሃብ (ቸርኬው ከሚታሰርበት ብረት) ጋር የሚገጥመው የጀርባ ገጽ፣ የመሃሉ ቀዳዳ ውስጥ (በቪትዝ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቀለም ሲገባበት ይጠብቃል)፣ እና ዳዶው የሚቀመጥበት ሾጣጣ። እዚያ ላይ ያለ ቀለም ሲጠብቅ ይጨፈለቃል፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶው የላላ ሆኖ ይገኛል። ጉድጓዶቹን በተጠቀለለ ወረቀት ወይም በአሮጌ ዳዶ ዝጉ።

የሃብን ዝገትም አሁን ጥረጉ። በቸርኬው በኩል ያለው ዝገት እንዳይጣበቅ ብሎ ግሪስ መለቅለቅ ልማድ ነው፤ ቡሎኑ ክር ላይና ሾጣጣው ላይ ግን እንዳይደርስ፣ አለበለዚያ ዳዶው ከሚገባው በላይ ይጠብቃል።

አጥብቁ በኮከብ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ዙር። ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ መለኪያ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ለሌለው፦ 25 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 42 ኪሎ የሚመዝን ግፊት ማለት ነው፣ በእጅ ጠንከር ብሎ። 70 ኪሎ ሰው 30 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ ላይ ሲቆምበት 206 ይደርሳል፣ እጥፉን፤ ቡሎን የሚበጠሰውና አዲስ ቀለም በዳዶ ዙሪያ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ እንደገና አረጋግጡ።

---

የማራኪ ልጅ

ከተረጨ ስንት ጊዜ በኋላ ይገጠማል?

---

ባለ14 ኢንች

ሲነካ የማይለጠፈው በግማሽ ሰዓት ነው፣ ያ ግን ደርቋል ማለት አይደለም። ከ24 ሰዓት በፊት አይገጠም፤ ጎማ ቤት ማሽን የሚነክሰው ከሆነ 3 ቀን ይጠበቅ፣ በማሽኑ መንጋጋ ላይም ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ እንዲያደርጉ ንገሩ። ሙሉ ጥንካሬው በሳምንት ነው። እስከ ሁለት ሳምንት ሸካራ ነገር አይንካው፣ ጎማ ማሳመሪያ አይረጭበት፣ ግፊት ባለው ውሃ አይታጠብ።

---

ቀበሌ ባጃጅ

ብረት ቸርኬ ላይስ ይሠራል? ባጃጅ ነው።

---

ላሜራና ቀለም

ይሠራል፣ ግን ኤች ፕራይመር ሳይሆን የብረት ዝገት መከላከያ ፕራይመር። በብረት ላይ የሽቦ ብሩሽም ይፈቀዳል። በብየዳው መጋጠሚያ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ዝገት እስኪወጣ ልፋ፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

---

ባለ ኮሮላ

ተጨማደደ ያልኩት ደርቆ በ240 ወርዷል፣ ነገ ፕራይመር። ጥቁር ልለውጠው ወይስ ብር ይሻላል?

---

አዘዞ ጎማ ቤት

ብር። በዚህ ከተማ አቧራ አንጸባራቂ ጥቁር ከመታጠቢያው ሳይወጣ ይገረጣል፣ የጠጠር ምልክቱም ነጭ አልሙኒየም በጥቁር መሃል ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ጥቁር ካማረህ የማያንጸባርቀውን ጥቁር ግራጫ ውሰድ። የቀረህን ቀለም ደግሞ ወደ ጣሳው ክዳን ርጭና ትንሽ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጥ፤ ጠጠር የወጋውን ቦታ እርጥበት ሳይገባ በዚያው ሳምንት በብሩሿ ትዘጋዋለህ።